የተቆራረጠውን አካል መልሶ የማዋደድ ጥበብ

ከዐይን የተሰወረውን የፍጥረት ውስጣዊ ሥራ ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት አካሉን በሰም አስገብተው በስለት እየሸረከቱ በአጉሊ መነጽር መመልከትን ከለመዱ በኋላ፥ መቁረጡ የሥራው እኩሌታ ብቻ እንደ ሆነ፥ የሚበልጠውም ድካም የተለያየውን እንደ ቀድሞው ማዋሐዱ እንደ ሆነ ተረዱ። በብሬስላው ያስተምሩ የነበሩት ጉስታቭ ቦርን በ1883 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ዘዴ፥ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሥዕል አጉልተው በሰም ገበታ ላይ ካሳረፉ በኋላ፥ ሥዕሉን ተከትለው ገበታውን እየቆረጡ በተራ በመደረብ፥ የሽልን መልክ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ አገዘፉት።

ነገር ግን አንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር ብቻ እያመሳሰሉ መደርደር ስውር ወጥመድ አለበት። ግንበኛ ቱንቢ ሳይጥል እያንዳንዱን ድንጋይ ከሥሩ ባለው ብቻ እየለካ ቢክብ፥ ድንጋዩ ሁሉ የተስተካከለ መስሎት ሳለ ግድግዳው እንደሚያዘነብል፥ እንዲሁ በተፈጥሮው የጎበጠ አካል ቁራጮቹ ማእከል ለማእከል ሲገጠሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ስሕተቱም በየትኛውም ቁራጭ ላይ ለብቻው አይታይም። ስለዚህም ለዚህ ሥራ የተጉት፥ ከአካሉ ውጭ የሆነ መሪ መስመር በሰሙ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርገው ከአካሉ ጋር አብረው መቁረጥን ፈለሰፉ።

ማክስ ኖልና ኤርንስት ሩስካ በ1931 በበርሊን የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሠሩ ወዲህ ችግሩ ረቀቀ። የቁራጩ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር 20 ሺሕ እጅ አንዱን ያህል ስለሆነ፥ ከስለቱ ሥር በውሃ ላይ ተንሳፍፎ በጥቃቅን የብረት ክፈፍ ላይ ሲነሣ ይዞራል፥ ይጨማደዳል፥ አንዳንዴም ይቀደዳል።

በካምብሪጅ በሲድኒ ብሬነር ቤተ ሙከራ የነበሩት ጆን ዋይት፥ አይሊን ሳውዝጌትና ኒኮል ቶምሰን፥ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል የሆነውን ትል በዚህ መንገድ መረመሩ። የዘመኑ ኮምፒዩተር ሥራውን ሊፈጽምላቸው ስላልቻለ፥ በታተሙት ፎቶግራፎች ላይ እያንዳንዱን ነርቭ በቀለም ምልክት እያደረጉበት ከገጽ ወደ ገጽ ተከተሉት፤ ከአንድ ሳይሆን ከበርካታ ትሎች ቁራጭ ያጠናቀሩትንም የ302 የነርቭ ሴሎች ሥርዓት በ1986 ለዓለም ገለጡ።

ዛሬ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ምስል ከአንድ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከብዙዎች ጋር በአንድ ጊዜ እያገናዘበ ስሕተቱን ለሁሉም ያካፍላል፤ በ2024 ታትሞ የወጣው የዝንብ አንጎል ካርታም ከ139 ሺሕ በላይ የነርቭ ሴሎችን አካቷል። ይሁን እንጂ ማሽኑ አንዱን ነርቭ ለሁለት የከፈለበትን ወይም ሁለቱን በስሕተት ያጋባበትን ስፍራ በዐይናቸው እየፈለጉ ያረሙት፥ ከልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች የተሰበሰቡ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸውና፥ የእነ ሳውዝጌት ሙያ እስካሁን ሠራተኛ አላጣም።