ክፉ ቀንና የደም ውኃ

አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስታወራ፣ በክፉ ቀን መንዝ ውስጥ ያለቀው ከብቱ ብቻ አይደለም፣ እሳቱም ነው ትል ነበር። መንዝን ለማያውቅ ሰው ይህ ነገር ላይገባው ይችላል። በደጋው ዛፍ ብርቅ ነው፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ከብቱ ሲያልቅ ኩበቱም አለቀ። ከጎተራ የተረፈ ገብስ ቢኖር እንኳ መቁያው ቸገረ።

ከብቱን የፈጀውን በሽታ ሕዝቡ ደስታ ይለዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ። ከዚያ ደጋውን ይዞ ወደ ደቡብ ወረደ። ከአገሩ የቀንድ ከብት ከመቶው ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደራረቡበትና እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ፈጀው። በሬ በመጥፋቱ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረዋል። መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴም በዶማ የሚቆፍር ሰው አገር ሆኑ።

በዚያ ዘመን የእኛ ሰው አንድ ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ደስታ ይዞት የዳነ በሬ ዳግመኛ አይያዝም። ትክክል ነው። ከበሽታው ያገገመ ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። ምን እንደሚጠብቀው ግን የሚነግር አልነበረም።

እዚህ ላይ ከአውሮፓ አንድ ሰው ልጥራ። ዡል ቦርዴ የሚባል ወጣት ቤልጅጋዊ ሐኪም ፓሪስ በፓስተር ተቋም ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ በሽታ የመከላከል አቅም ያዳበረ እንስሳ የደም ውኃ ወይም ሴረም ተሕዋስያንን የሚገድለው ሁለት ነገሮች ሲተባበሩ መሆኑን አሳየ። አንደኛው ሙቀት የሚችል ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሁለተኛው በ55 ዲግሪ ገደማ የሚጠፋ፣ ካልታመመ እንስሳ ትኩስ ሴረም ውስጥ ጭምር የሚገኝ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን በኋላ ፖል ኧርሊኽ ኮምፕሊመንት አለው። ቦርዴ የእ.ኤ.አ. 1919ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። የሕይወት ታሪኩን የሚያነብ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነገር ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ደስታን ሊያጠና ትራንስቫል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ተልኮ ነበር። የእኛን በረት ባዶ ያስቀረው ያው መቅሠፍት ከኢትዮጵያ ተነሥቶ፣ አህጉሩን አቋርጦ፣ እዚያ ደርሶ ነበርና።

እኔ ብዙ ዘመን የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሥራዎቼ አንዱ ቦርዴ ከኦክታቭ ዣንጉ ጋር እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው ምርመራ ነበር። እኛ የምንጠቀምበት ለከብት ሳምባ በሽታ ነው። የተጠረጠረችውን ላም ሴረም በ56 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጬ የራሷን ኮምፕሊመንት አጠፋለሁ። ከዚያ የበሽታውን ተሕዋስ ዝግጅት፣ ቀጥሎ የተለካ የጊኒ ፒግ ኮምፕሊመንት እጨምራለሁ። በመጨረሻ፣ ከጥንቸል በተገኘ ፀረ እንግዳ አካል የተለበጠ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል። ላሚቱን በሽታው ይዟት ከሆነ ኮምፕሊመንቱ እዚያው ተጠምዶ ያልቃል፤ የበጉ ሕዋሳት ሳይነኩ ወደ ታች ይወርዱና ከመመርመሪያው ሳህን ትንሽ ጉድጓድ ሥር እንደ ቀይ ቁልፍ ይቀመጣሉ። ካልያዛት ግን ኮምፕሊመንቱ ሕዋሳቱን ይበሳቸዋል፣ ይፈነዳሉ፤ ፈሳሹ ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል። ኮምፕሊመንት በረዶ ላይ ካልዋለ ቶሎ ይሞታል። መብራት ሲጠፋ የደከምንበት የቀን ሥራ አብሮ ይጠፋል።

ጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት፣ አይጥ እያለች ለምን ጊኒ ፒግ እንደምናረባ ነው። የአይጥ ሴረም የበግ ሕዋስ ሲያፈነዳ በጣም ደካማ ነው፤ የጊኒ ፒግ ግን ብርቱ ነው። አይጥ የጠቀመችው በሌላ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አምስተኛው የኮምፕሊመንት ክፍል የሌላቸው የላቦራቶሪ አይጥ ዘሮች ተገኙ። ንጹሕ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ ይወልዳሉ። አንዳንድ ተሕዋስ ሲለቀቅባቸው ግን የኮምፕሊመንቱ ጉድለት ያኔ ይታያል። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ኮምፕሊመንትን የሚገታ አንድ ፕሮቲን ያጡ የአሳማ ግልገሎች በኩላሊት ሕመም ይሞቱ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህኛው ነው፤ ኮምፕሊመንት ልጓም ካጣ የሚጠብቀውን አካል ራሱን ይጎዳል።

ወደ ደስታ ልመለስ፤ እሱን የጣለው ክትባት ነው። ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ላይ ያዘጋጀው ክትባት፣ ቢሾፍቱ ላይ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ተቋም፣ ከዚያም በእግሩ አፋር በረሃ የገባ ከታቢ አብረው ሠሩት። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ነፃ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከእንስሳት በሽታዎች እንዲህ ከምድር የተነቀለ እሱ ብቻ ነው።

መንዝ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጎጂነት ስም ብቻ እንዲኖረው አልወድም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች የመንዝንና የሆሮን በጎች አንድ ላይ እያረቡ የሆድ ትልን የመቋቋም አቅማቸውን አጥንተዋል። የባና ብርድ ልብሳችንን ጠጉር የምንፈትልባት፣ ውርጭ የለመደችው ትንሿ የመንዝ በግ ለሳይንስ የምትመረመር ሀብት ናት።

በዩኒቨርሲቲ የበሽታ መከላከልን ሳይንስ ለምታስተምሩ መምህራን አደራ የምለው አንድ ነው። ቦርዴን ስታስተምሩ ትራንስቫልን አትዝለሉ፤ ትራንስቫልን ስታነሡ ክፉ ቀንን አንሡ። ተማሪዎቻችሁንም ለዕረፍት ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና መርሐ ቤቴ ሲሄዱ ከአያቶቻቸው የቀረውን ወሬ በድምፅ ቀድተው እንዲመለሱ እዘዟቸው።