የተበወዘው ዓለም፤ የቀደሙ የሚና ጨዋታዎችና የዕጣ ነገር

«ፋይናል ፋንታሲ» የተሰኘው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ዲሴምበር 18 ቀን 1987 ለገበያ ሲቀርብ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውስጡ የነበረው ዓለም ለተጫዋች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። አራቱ የብርሃን ጦረኞች ከኮርኔሊያ ከተማ ተነሥተው በስተሰሜን ወዳለው የፈረሰ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ፤ ጋርላንድ የተባለውን ከዳተኛ ፈረሰኛ ድል ነሥተው ልዕልት ሣራን ያስለቅቃሉ፤ ንጉሡም ስለ ውለታቸው ድልድይ ያሠራላቸዋል። ድልድዩን ተሻግረው በፕራቮካ ወደብ የባሕር ወንበዴዎችን ሲያሸንፉ መርከብ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ዕቃ ሌላውን እየወለደ ይሄዳል፤ ከረግረጉ ዋሻ ዘውድ፣ ከዘውዱ የብርሌ ዓይን፣ ከዓይኑ መድኃኒት፣ ከመድኃኒቱ ምሥጢራዊ ቁልፍ፣ ከቁልፉ ድማሚት፣ ከድማሚቱም መርከቧን ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ ቦይ ይገኛል። በ1987 የተጫወተውም ሆነ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተጫወተው ሰው ይህን ሰንሰለት በዚያው ቅደም ተከተል ይከተላል። ስለዚህም ጨዋታውን አሥር ጊዜ የጨረሰ ሰው ዓለሙን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል።

ይህንኑ በቃል የተያዘ ዓለም እንደ መጫወቻ ካርታ በውዘው እንደገና የማይታወቅ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ከ2010ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በአድናቂዎች እጅ እየተዘጋጁ በሰፊው ተሠራጭተዋል። በእንግሊዝኛው «ራንዶማይዘር» ይባላሉ፤ በአማርኛ «በዋዥ» ቢባሉ ከግብራቸው አይርቅም። በተበወዘው ዓለም ልዕልቲቱ ድማሚት ልትሰጥ ትችላለች፤ ንጉሡ በድልድይ ፈንታ ታንኳ ይሸልም ይሆናል፤ ድልድዩ ደግሞ ማንም ባልገመተው ዋሻ ውስጥ የሣጥን ሲሳይ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ሲሰሙት የልጆች ቀልድ ይመስላል። ሆኖም ፍጻሜውን አጥርቶ የሚያውቅ ጎልማሳ ስለምን ወደ አሮጌው ጨዋታ ደጋግሞ እንደሚመለስ ሲጠየቅ፣ መልሱ የዕጣንና የዕውቀትን ግንኙነት የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

ዕጣና የሚና ጨዋታ ገና ከጥንስሱ አብረው የኖሩ ናቸው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ሲሆን፣ የተሰነዘረው ሰይፍ መምታቱም ሆነ መሳቱ የሚወሰነው ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ በመወርወር ነበር። ዳይሱ ግን ብቻውን አይፈርድም። ከጠረጴዛው ራስ የጨዋታው መሪ ተቀምጧል፤ ዕጣው ጨዋታውን የሚያበላሽ ነገር ያመጣ እንደሆነ በዘዴ የሚያቃናው እርሱ ነው። ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ዳይሱን መተካት ቀላል ሆነ፤ መሪውን መተካት ግን ከባድ ሆኖ ቆየ።

በ1980 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ክሩዝ ተማሪዎች የነበሩት ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን «ሮግ» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ፤ ኋላም በበርክሌይ ኬን አርኖልድ ተባበራቸው። የተነሡበት ምክንያት ግልጽ ነበር። የዘመኑ የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታዎች እንቆቅልሻቸው አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ የሚያቀርቡት አዲስ ነገር አልነበራቸውም። ወጣቶቹ የፈለጉት ግን የሠሪውን የራሱን ልብ የሚያስደነግጥ ጨዋታ ነበር። ስለዚህ በሮግ ውስጥ የዋሻው ክፍሎችና መተላለፊያዎች በተጫወቱ ቁጥር እንደ አዲስ ይሣላሉ፤ ትናንት የፈወሰው ቀይ መጠጥ ዛሬ ሊያሳውር ይችላል። ጨዋታው በ1983 ከበርክሌይ የዩኒክስ እትም ጋር ስለተሠራጨ በአያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ታወቀ። ይሁን እንጂ የሮግ ዋሻ ሁልጊዜ አዲስ በመሆኑ የማንም አገር አይደለም። ተጫዋቹ ሕጉን ይማራል እንጂ ቦታውን አይለምድም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ «ይህቺን ድልድይ አውቃታለሁ» የሚልባት ድልድይ የለችውም።

ጃፓኖቹ የመረጡት መንገድ ተቃራኒ ነበር። ዩጂ ሆሪ በ1986 ያወጣው «ድራገን ኲስት»፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ያዘጋጀው ፋይናል ፋንታሲ ዕጣን በውጊያው ውስጥ ብቻ አስቀርተው ዓለሙን አንድና ቋሚ አደረጉት። ትውልደ ኢራናዊው ናሲር ጀቤሊ የፋይናል ፋንታሲን ፕሮግራም ሲጽፍ የነበረው ቦታ 256 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በብዙ እጥፍ ያንሳል። በዚህ ጠባብ ቦታ ዕጣው ራሱ እውነተኛ ዕጣ ሊሆን አልቻለም። ማሽኑ የሚጠቀመው አስቀድሞ የተጻፈ የ256 ቁጥሮች ሰንጠረዥ በመሆኑ፣ ጨዋታውን በፍጥነት ለመጨረስ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ጭራቁ በስንተኛው እርምጃ እንደሚመጣ ቆጥረው ለማወቅ በቅተዋል። ጨዋታው በ1990 ሰሜን አሜሪካ ሲገባ «ኒንቴንዶ ፓወር» የተባለው መጽሔት አንድ ሙሉ እትሙን ለመምሪያነት አውሎ ካርታውን ከነሣጥኖቹ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ ያልታወቀ ነገር እምብዛም አልቀረም ማለት ይቻላል። ዕውቀቱ ምሉዕ ሆነ፤ ምሉዕ በመሆኑም ሥራ ፈታ።

በዋዥ የመጣው ለዚህ ሥራ ፈት ዕውቀት ነው። አሠራሩን ላስተዋለ ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው ዕጣው ሳይሆን ከዕጣው በፊት የፈሰሰው ድካም ነው። አድናቂዎቹ የጨዋታውን የማሽን ቋንቋ እየፈቱ፣ የትኛው ባይት የትኛውን ሣጥን፣ የትኛው የትኛውን በር እንደሚገዛ መስመር በመስመር መመርመር ነበረባቸው። ፕሮግራሙ የተጫዋቹን የራሱን ቅጂ ተቀብሎ የሚለወጠውን ብቻ ይለውጣል፤ የባለመብቱን ሥራ ላለማደል ሲባል ጨዋታው ራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አይሰጥም። ብወዛው የሚነሣው ደግሞ «የዘር ቁጥር» ከሚባል አንድ ቁጥር ነው። ያው ቁጥር ከዚያው ምርጫ ጋር ሲሰጠው ምንጊዜም ያንኑ ዓለም ያወጣል፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ዓለሙም ይለወጣል።

የብወዛ ዕጣ ከዳይስ ዕጣ የሚለይበት ነገር አለ። ዳይስ አንዱን ቁጥር አሥር ጊዜ ሊደጋግም፣ ሌላውን ጨርሶ ሊነፍግ ይችላል። ብወዛ ግን የዕቁብ ዕጣን ይመስላል፤ ተራው ለማን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም እንጂ ሁሉም በተራው አንዳንድ ጊዜ እንደሚደርሰው የታወቀ ነው። ድማሚቱ፣ ዘውዱ፣ ታንኳው፣ አንሳፋፊው ድንጋይ ሁሉም በዓለሙ ውስጥ አሉ። የጠፋ የለም፤ የተለወጠው ቦታቸው ነው።

ዳሩ ግን የተበወዘ ሁሉ የሚፈታ አይደለም። ይህንን የሚያስረዳ አሮጌ ታሪክ ከዚያው ከፋይናል ፋንታሲ መርከብ ላይ ይገኛል። በመርከቧ ላይ ሳሉ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሌላውን 55 ጊዜ የነካ ሰው ድብቅ የሆነ ሌላ ጨዋታ ይከፈትለታል፤ ይኸውም ከ1 እስከ 15 የተቆጠሩ ሰሌዳዎችን በአንዲት ባዶ ቦታ እያንሸራተቱ በቅደም ተከተል የማሰለፍ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ በ1880 አሜሪካንና አውሮፓን ያሳበደ ነበር። የተሰጠውም ፈተና የ14ንና የ15ን ቦታ ብቻ ማቀያየር ስለነበረ፣ ብዙ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲታገል ከረመ። ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት፣ ጆንሰንና ስቶሪ፣ በ1879 በታተመ ጽሑፋቸው ያሳዩት ግን ከሚቻሉት አሰላለፎች ግማሾቹ በምንም ዓይነት መንሸራተት የማይፈቱ መሆናቸውን ነው፤ ያም ፈተና ከማይፈቱት ወገን ነበር። እንግዲህ ዕጣ እንዲያው ከተለቀቀ መንገድ መዝጋቱ አይቀርም ማለት ነው። በሚና ጨዋታውም ውስጥ ምሥጢራዊው ቁልፍ ራሱ በሚከፍተው ክፍል ቢቆለፍ ዓለሙ በዚያው ያበቃል።

ይህንን ለማስቀረት ከተለመዱት ስልቶች አንዱ ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል። ተጫዋቹ ዕቃዎቹን ሁሉ በእጁ እንደያዘ ይቆጠራል። ከዚያ አንዱ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቁልፉ፣ ይወሰድበትና «ይህ ሳይኖር በቀሩት ዕቃዎች እስከ የት መድረስ ይቻላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሊደረስባቸው ከሚቻሉት ባዶ ቦታዎች አንዱ በዕጣ ይመረጥና ቁልፉ እዚያ ይቀመጣል። ቀጥሎ መርከቡ፣ ቀጥሎ ድማሚቱ፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ዕቃ ከእጅ እስኪያልቅ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ዕቃ ያለ እርሱ በሚደረስበት ቦታ ስለሚቀመጥ መንገዱ ከቶ አይዘጋም። በ1974 ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ የነበረው መሪ በመጨረሻ ወንበሩን ያስረከበው ለዚህ ስሌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጨዋታው ውበትም የሚገኘው ከዚሁ ዋስትና ነው። ተጫዋቹ ዕቃው የት እንዳለ አያውቅም፤ ነገር ግን ፍጻሜው ሊደረስበት እንደሚቻል በእርግጥ ያውቃል፤ ይህችም እርግጠኝነት ራሷ ማስረጃ ትሆነዋለች። ሊደርስባቸው ከሚችሉት ቦታዎች ያልተከፈቱ ሁለት ብቻ የቀሩ እንደሆነ፣ መንገድ የሚከፍትለት ዕቃ ከሁለቱ በአንዱ መኖሩ ግድ ነው። አንሳፋፊውን ድንጋይ በመጀመሪያው ሰዓት ያገኘ ሰው የዓለሙን ሰማይ የሚከፍት ሀብት በኪሱ ይዟል፤ ሆኖም በራሪዋ መርከብ ወደ ተቀበረችበት በረሃ የሚያደርስ ውኃ ገና አልተከፈተለትም። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያስባል። የቀድሞው ጉዞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያሳለፈውን ወንዝ፣ ረስቶት የነበረውን ወሽመጥ፣ ከንቱ ነው ብሎ የናቀውን የዋሻ ጥግ ሁሉ ያስታውሳል። በቃል የተያዘው ሰንሰለት ተበጥሶ እያንዳንዱ ቀለበት ስለ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ ጭለማ ነው፤ የተበወዘ ዓለም የሚጣፍጠው ያልተበወዘውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ንባቡን ያልያዘ ተማሪ ትርጓሜ ቤት ቢገባ ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ ላይ የቀረበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ1991 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 4» በቅደም ተከተሉ የሚኖር ታሪክ ነው። ጨለማ ለብሶ የሚዋጋው ሴሲል በመከራው ተራራ ላይ ወጥቶ በብርሃን የሚለወጠው፣ አስቀድሞ በትእዛዝ ስለ ሠራው በደል ተጸጽቶ ነው። መንትዮቹ ፓሎምና ፖሮም ወዳጆቻቸውን ለማዳን ራሳቸውን ወደ ድንጋይ ሲለውጡ ተመልካቹን የሚያሳዝነው አብሯቸው ስለተጓዘ ነው። የዚህ ጨዋታ በዋዥ ግን ጓዶቹን ሁሉ በዕጣ ያድላል፤ ጸጸቱም መሥዋዕትነቱም አብረው ይቀራሉ። ደራሲው ያሰበውን ሥርዓት አፍርሶ ሥራውን ወደድሁ ማለት እንዴት ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። በአንጻሩ ግን መጽሐፉ አልተቃጠለም፤ ያልተበወዘው ቅጂ እንደ ተቀመጠ አለ። ደግሞም የደራሲውን ቃል በሙሉ ካላወቀው በስተቀር ማንም በመበወዙ ሊደሰት አይችልም።

የደራሲው ሐሳብ ራሱ ሁልጊዜ በጽሑፉ ውስጥ አለ ማለትም አይቻልም። በ1987ቱ ፋይናል ፋንታሲ ውስጥ «ዕውቀት» የተባለው የጠንቋዮች ባሕርይ በአስማቱ ኃይል ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ቁጥሩ ያድጋል፣ ተጫዋቹም ይደሰታል፣ አስማቱ ግን ያው ነው። አንዳንዶቹ ሰይፎች በተወሰኑ ጭራቆች ላይ ሊኖራቸው የታሰበውን ብርታት በፕሮግራም ስሕተት አጥተዋል። የዚህ ዓይነት ስሕተቶች አንዳንዶቹ ኋላ በወጡት እትሞች ታርመዋል። በዋዡን ያዘጋጁት ሰዎች እርማቱን ለተጫዋቹ ምርጫ ትተውታል፤ የተጻፈውን የሚሻ የተጻፈውን፣ የታሰበውን የሚሻ የታሰበውን ይወስዳል። የብራና ቅጂዎችን የሚያስተያይ ሊቅ ይህ ጭንቀት እንግዳ አይሆንበትም።

ነገሩ ከአንድ ጨዋታ አልፎ ሄዷል። በ2018 የ1991ዱን «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» እና የ1994ቱን «ሱፐር ሜትሮይድ» (ሁለቱም በጥብቅ አነጋገር የሚና ጨዋታዎች አይደሉም) አንድ ላይ የበወዘ ሥራ ወጥቷል፤ በአንደኛው ዓለም ያለ ሣጥን የሌላኛውን ዓለም መሣሪያ ይሰጣል። ከሁሉ ይልቅ የሰዉን ፍቅር የሳበው ግን እሽቅድምድሙ ነው። ተወዳዳሪዎቹ አንድ የዘር ቁጥር ይቀበላሉ፤ በአንድ ሰዓት ይጀምራሉ፤ ያንን ዓለም ከመካከላቸው ቀድሞ ያየው የለም። ውድድሩ ሲያበቃ ደግሞ ፕሮግራሙ የጻፈውን ዝርዝር ይከፍቱና የትኛው ዕቃ የት እንደነበረ ያነባሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ባሕር ለባሕር የዞረው ሰው ድማሚቱን ያገኘዋል፤ ከተነሣበት ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ባዶ ነው ብሎ ባለፈው ሣጥን ውስጥ ነበር። ዝርዝሩን አንብቦ ሲያበቃ አዲስ የዘር ቁጥር ይጠይቃል።