ከ«ጥግ» ወደ «ጥገኝነት»፦ በኢትዮጵያ የስደተኞች ሕግ የአንድ ቃል ታሪክ

የኢትዮጵያ የስደተኞች ፖሊሲ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በስምምነቶችና በዐዋጆች ቅደም ተከተል ነው። ፖሊሲው የተጻፈበት አማርኛ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ሁለቱም ታሪኮች ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አልሄዱም።

በቀድሞው ሥርዓት ነፍሱን ለማትረፍ ወደ አክሱም ጽዮን ወይም ወደ ሌላ ታላቅ ደብር የሸሸ ሰው «ተማፀነ» ይባል ነበር። ቃሉ ከግእዙ «ሐፀነ» ይወለዳል፤ ማቀፍንና መንከባከብን ያመለክታል። የዛሬው የሕግ ቃል «ጥገኝነት» ደግሞ «ጥግ» እና «ተጠጋ» ከሚሉት ጋር ይዛመዳል። ጥግ መከለያ ነው፤ በባለጸጋ ቤት የተጠጋ ሰው ግን ከለላም ዝቅታም ነበረበት። «ጥገኛ ተውሳክ» እና «የኢኮኖሚ ጥገኝነት» የሚሉት ሐረጎች እንደሚያሳዩት፣ በዘመናዊው አማርኛ የከለላው ፍች ሳስቶ የሸክምነቱ ፍች ጎልቷል።

ሕጉ በተቃራኒው መንገድ ተጉዟል። ኢትዮጵያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነትና የ1967ቱን ፕሮቶኮል የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የስደተኞች ስምምነት አዲስ አበባ ላይ አጸደቀ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 409 በሥራና በትምህርት ረገድ ስደተኛውን ለሌሎች የውጭ ዜጎች ለተደነገገው መብትና ገደብ አስገዛው፤ ኑሮው በአብዛኛው በመጠለያ ጣቢያና በእርዳታ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቀጠለ። በ2002 ዓ.ም. ለኤርትራውያን ከጣቢያ ውጭ የመኖር ፈቃድ ተጀመረ። መንግሥት በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖችን ገባ፤ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በምክር ቤት የጸደቀው ዐዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የሥራና የመንቀሳቀስ መብትን አሰፋ። የአዲሱ ፖሊሲ ዋና ሐሳብ ራስን መቻል ነው። እንዲህም ሆኖ ራሱን እንዲችል የሚፈለገው ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያቀርበው ጥያቄ ስሙ አሁንም «ጥገኝነት» ነው።

የጎረቤት ቋንቋዎች ሌላ ምርጫ አድርገዋል። ትግርኛው «ዑቕባ» ከ«ዐቀበ»፣ ማለትም ከ«ጠበቀ»፣ የወጣ ነው፤ ስዋሂሊም ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀምበት «ሂፋዚ» ጥበቃ የሚል ፍች ያለው የዐረብኛ ውርስ ነው። ሁለቱም የተቀባዩን ግዴታ ይሰይማሉ፤ አማርኛው የጠያቂውን አቋም ይሰይማል። ልዩነቱ በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ይጎላል። «ዑቕባ» ብሎ ጥበቃ የጠየቀ ኤርትራዊ፣ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ በሌላ ሰው ላይ ተደግፎ ለመኖር የጠየቀ ሊመስል ይችላል። አስተርጓሚው አልተሳሳተም፤ የሕጉን ቃል ተጠቅሟል።

ስደተኞች ሥራ የሚያጡት በአንድ ቃል ምክንያት አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ አሰጣጥ፣ የሥራ ዕድል ማነስና የአስተዳደር አቅም ከቃሉ ይልቅ ይከብዳሉ። ቢሆንም አንድ መብት በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በስሙ ነው። «ዐቃቤ ሕግ» በሚለው ውስጥ «ዐቀበ»ን እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየ ቋንቋ፣ ለጥበቃ የሚሆን ሥር አላጣም። ወደፊት መመሪያ የሚያረቅቁና ለአስተርጓሚዎች የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች «ጥገኝነት»ን ይዘው ለመቀጠል ቢመርጡ እንኳ፣ ቃሉ በሕጉ ውስጥ መጠበቅን እንጂ መደገፍን እንደማያመለክት በግልጽ ሊተረጉሙት ይገባል።