«በተፈጥሮ ነጻ» ማለት ምን ማለት ነው?

በየዓመቱ ከተማሪዎቼ አንዱ «ስለ ግብረ ገብ ለመነጋገር ሜታፊዚክስ ምን ይረባል? ለክርስቲያን ትእዛዙ አይበቃውምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሴን የምጀምረው ከባርነት ታሪክ ነው። ባሪያ መያዝን በጥቅሉ የሚከለክል ትእዛዝ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አይገኝምና።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሁለት ወንድማማች ጳጳሳት ነበሩ፤ ባስልዮስ ዘቂሳርያና ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ። አርስቶትል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው ብሎ አስተምሮ ነበር። ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አይቀበልም፤ በተፈጥሮው ባሪያ የሆነ ሰው የለም ይላል። ነገር ግን ጦርነትና ድህነት ሰውን ባሪያ እንደሚያደርጉት፣ አላዋቂውም በአዋቂው ሥር ቢያድር እንደሚበጀው ይጨምራል።

ታናሹ ጎርጎርዮስ መጽሐፈ መክብብን በ8 ስብከቶች ሲተረጉም፣ በ4ኛው ላይ ሰባኪው ወንድና ሴት ባሮች መግዛቱን ከሚናገርበት ቦታ (2፥7) ይደርሳል። እዚህ ላይ ቁጣው ይገነፍላል። የእግዚአብሔር አርአያ የሆነውን፣ ምድርን እንዲገዛ የተሾመውን ሰው ማን ሻጭ፣ ማን ገዢ ሊሆንበት ይችላል? ዋጋውስ ስንት ነው? ዓለም ሁሉ የአንዲት ነፍስ ዋጋ ካልሆነ፣ ቁራጭ የውል ወረቀትና ጥቂት ሳንቲም እንዴት ይሆናል? እግዚአብሔር እንኳ የሰጠውን ነጻነት መልሶ የማይነሣ ከሆነ፣ ሰው ምን ሥልጣን አለው?

ልብ በሉ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የተነሡት ከአንድ መነሻ ነው። የተለያዩት «ተፈጥሮ» በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። ለባስልዮስ ነጻነት ሰው ሲፈጠር የነበረው ሁኔታ ነው፤ ታሪክ ሊደርብበት ይችላል። ለጎርጎርዮስ ግን አርአያነቱ አሁንም በእያንዳንዱ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፤ ድል መሆንም ሆነ መደህየት አይፍቀውም። እርግጥ ነው፣ ጎርጎርዮስ ባርነት በሕግ ይሻር ብሎ ለመንግሥት አላመለከተም። ሆኖም እኔ እስከማውቀው፣ ከጥንት አባቶች መካከል የባርነትን ሥርዓት ከነሥሩ እንዲህ የተቃወመ ሌላ የለም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ግብጻዊው ኢብን አል-አሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀውና በግእዝ ተተርጉሞ አገራችን የገባው ፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ባሮች በሚናገርበት በ31ኛው አንቀጽ፣ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆናቸውን ያስቀድማል። ወዲያው ግን የጦርነት ሕግ ተሸናፊውን ለአሸናፊው ባሪያ ያደርገዋል ይላል። መንገዱ የባስልዮስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የሁለቱንም ስም በቅዳሴያቷ ትጠራለች፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን አንቀጽ በክፍል ስናነብ ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በኩራት ያሰምሩበታል። እኔ ደግሞ ቀጣዩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት እጠይቃቸዋለሁ።