የድግምት ርቀትና የድግምት ክልል

በዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ጠረጴዛው የሚሟሟቀው አስማተኛው ድግምቱን ሲደግም ነው። «እኔ ጋ አይደርስም!» ይላል አንዱ። «ደርሶሃል እንጂ!» ይላል ሌላው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ልኬት ነው። ለአማርኛ ተጫዋቾች «የድግምት ርቀት» እና «የድግምት ክልል» የሚሉ ሁለት ስያሜዎችን የማቀርበውም ለዚህ ነው።

የድግምት ርቀት አስማተኛው ከቆመበት እስከ ድግምቱ መነሻ ነጥብ ድረስ የሚፈቀደው ትልቁ ልኬት ነው። የድግምት ክልል ደግሞ ድግምቱ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ የሚሸፍነው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም የእሳት ኳስ የተባለው ድግምት ርቀቱ 150 ጫማ (45 ሜትር ገደማ) ሲሆን ክልሉ ሬዲየሱ 20 ጫማ የሆነ ሉል ነው። ስለዚህ በ165 ጫማ ላይ የቆመ ጠላት ከርቀቱ ውጭ ቢሆንም ይቃጠላል፤ አስማተኛው እሳቱን 150ኛው ጫማ ላይ ካፈነዳው ክልሉ 20 ጫማ አልፎ ይሄዳልና። እሳቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ማዕዘን ዞሮም ይገባል።

«ክልል» ያልኩት የተከለለ ቦታን ስለሚያመለክት ነው፦ ውስጡ ያለ ይነካል፣ ውጭ ያለ ይተርፋል። «ስፋት» ብንለው መሬት ላይ የተነጠፈ ነገር ብቻ ይመስላል። ሉል ግን ወደ ላይም ያድጋል፤ ከመነሻው ነጥብ 15 ጫማ ከፍ ብሎ የሚበር ጠላት አያመልጥም።

የዚህ ሐሳብ ሥር ያለው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ቼይንሜይል በተባለው የጦርነት ጨዋታ፣ የአስማተኛው የእሳት ኳስ የሚሸፍነው ቦታ ትልቁ ካታፑልት በሚወረውረው ድንጋይ ከሚመታው ቦታ ጋር እኩል ነበር። በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው «የላቀው» የዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም የእሳቱን ይዘት ወደ 33,000 ኪዩቢክ ጫማ አድርጎ ስለወሰነው፣ በጠባብ ዋሻ የፈነዳ እሳት በመተላለፊያው ርዝመት እየሮጠ ደጋሚውን ራሱን ሊለበልብ ይችል ነበር። በእኔ እይታ ከሁሉም እትሞች ተጫዋቹን በጥንቃቄ እንዲያስብ ያስገደደው ይህኛው ነው።

ክልል ሁልጊዜ ሉል አይደለም፤ ኩብ፣ ሲሊንደር፣ መስመርና ሾጣጣም አሉ። ከእነዚህ ሾጣጣው ትኩረት ይሻል። በየትኛውም ቦታ ላይ ወርዱ ከመነሻው ነጥብ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው፤ በ15ኛው ጫማ ላይ ወርዱ 15 ጫማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ድግምት ርቀቱ ብዙ ጊዜ «ራስ» ተብሎ ይጻፋል። ጀማሪዎች «ራሴን ላቃጥል ነው?» ብለው ይደነግጣሉ። ትርጉሙ ግን መነሻው ነጥብ ደጋሚው ራሱ ነው ማለት ብቻ ነው።

ግድግዳ ካለ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። አስማተኛው የማያየውን ነጥብ መርጦ በመካከል ግድግዳ ቢኖር፣ መነሻው ነጥብ የሚፈጠረው ከግድግዳው ወዲህ፣ በራሱ በኩል ነው። ርቀት የሚለካው ድግምቱ በሚደገምበት ቅጽበት ነው፤ ድግምቱ የያዘው ሰው ከዚያ በኋላ ከርቀቱ ውጭ ሸሽቶ ቢወጣም፣ የድግምቱ መግለጫ ሌላ ካላለ በስተቀር አይለቀውም።