ልጅ ለማሳደግ ፈቃድ? (ስለ አደራ ልጆች ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ)

ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ የአደራ ልጅ ተቀብሎ ለማሳደግ፣ ማለትም አሜሪካኖቹ ፎስተር ኬር ለሚሉት ሥራ፣ በምንኖርበት ስቴት ፈቃድ ለማውጣት አመለከትን። አሻራ ሰጠን፤ የወንጀል መዝገብ ተጣራብን፤ ጤናችንን ተመረመርን፤ የሚያውቁን ሰዎች ስለ ጠባያችን ጻፉልን፤ ለሳምንታት ማታ ማታ ሥልጠና ተቀመጥን። ከዚያም አንዲት ሶሻል ወርከር ቤታችን መጥታ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍታ ዘጋች፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ተጭና አስጮኸች፤ መድኃኒት የምናስቀምጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ እንዳለው አየች። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ልጅነታችን ጠየቀችን። ስታጠፉ እንዴት ትቀጡ ነበር? ቤታችሁ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ማን ያድግ ነበር?

ይህን ለአንድ የማከብራቸው አዛውንት ባጫውታቸው ሳቁብኝ። «እናቴ የሰው ልጅ ሰባት አሳድጋለች፤ ማን ፈቃድ ጠየቃት?» አሉኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለጋሼ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። መሐንዲስ ነኝ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁምና የሳትኩት ካለ አርሙኝ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በአሜሪካም የተጀመረው ያለ ፈቃድ ነበር። በ1853 ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ የተባለ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ኒው ዮርክ ላይ የሕፃናት ርዳታ ማኅበር አቋቋመ። ከተማዋ በጎዳና ልጆች ተሞልታ ነበር። ብሬስ፣ ልጅ ከማንኛውም ማሳደጊያ ተቋም ይልቅ በገበሬ ቤት ቢያድግ ይሻለዋል ብሎ ያምናል፤ እምነቱም ክፉ አልነበረም። በ1854 ከ40 በላይ ልጆች በባቡር ተጭነው ሚሺጋን ውስጥ ዶዋጂያክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተላኩ። ይህ «የሙት ልጆች ባቡር» እየተባለ እስከ 1929 ቀጠለ፤ በዚያ መንገድ የሄዱት ልጆች 200 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ስሙ የሙት ልጆች ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ባቡሩ በቆመበት ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በአዳራሽ መድረክ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ገበሬው መጥቶ ክንዳቸውን ይጨብጣል፤ አንዳንዱ ጥርሳቸውን ያያል። በሬ ገበያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ በልቶ ያድር እንደሁ፣ ትምህርት ይሄድ እንደሁ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አልነበረም። ደግ ቤት የገባው ልጅ ሆኖለት አደገ፤ አንዳንዱም ያለ ደመወዝ ገበሬ ሆነ። (ጥቁር ልጆች ከዚህ ሁሉ በአብዛኛው ውጭ ነበሩ፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1874 ኒው ዮርክ ውስጥ ሜሪ ኤለን የምትባል የ10 ዓመት ገደማ ልጅ በቤት ውስጥ ተዘግቶባት እንደምትገረፍ ኤታ ዊለር የተባለች የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሰማች። ደጅ ብትጠና የሚሰማት ስላጣች የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርን ወደመሠረተው ወደ ሄንሪ በርግ ሄደች። እሱም በጠበቃው በኩል ልጅቷን ፍርድ ቤት አቀረባት። «እንደ እንስሳ ተቆጥራ ነጻ ወጣች» እየተባለ የሚወራው ተረት ነው፤ ጠበቃው የተጠቀመው ለሰው በተጻፈው ሕግ ነው። አሳዳጊዋ አንድ ዓመት ተፈረደባት። በዚያው ዓመት መጨረሻም ሕፃናትን ከጭካኔ የሚከላከል የመጀመሪያው ማኅበር ተመሠረተ።

ሁላችንም የምንሰማው የታሪኩ ክፍል ይኸው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ተሰርቃ አልነበረም። የከተማው የበጎ አድራጎት መሥሪያ ቤት ነበር በውል፣ በፊርማ ለአሳዳጊዎቹ የሰጣት! በውሉ ላይ ስለ ልጅቷ ደኅንነት በየዓመቱ ሪፖርት እንዲቀርብ ተጽፏል። ወረቀቱ ነበረ፤ የጠፋው ወረቀቱን ይዞ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

በእኛ ሙያ እያንዳንዱ የሕንፃ ደንብ ከበስተኋላው አንድ አደጋ አለው። በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ቃጠሎ 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ዛሬ የመውጫ በር ሳልፍ ያለ ቁልፍ መከፈቱን የማየው ስለዚህ ነው። ሶሻል ወርከሯ መስኮቴን ከፍታ ስትዘጋም ያየሁት ይህንኑ ነው። የቀረው ታሪክ ረጅም ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው፦ በ1909 በዋይት ሐውስ በተደረገ ጉባኤ፣ ልጅ በድህነት ብቻ ከወላጁ አይለይ ተባለ፤ በ1912 የፌዴራል የሕፃናት ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1974፣ በ1980ና በ1997 ትልልቆቹ ሕጎች ወጡ። የአሳዳጊ ቤት ፈቃድም በየስቴቱ ቀስ በቀስ የተለመደው በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

የጋሼ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። እናታቸውን ማን ፈቃድ ጠየቃቸው? እርግጥ የእኛ ታሪክ የሚያኮራ ነው። አሳዳጊው ጣቱን ማር አስነክቶ የሚያጠባበት የጡት ልጅ ሥርዓት ነበረን። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ሕጋችን ከኦሮሞ ወገኖቻችን ባህል ወሰደው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከዘር ፍጅት የተረፉ 40 የአርመን ልጆችን አግኝተው አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባለው የሙዚቃ ጓድ እነሱ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የጋሼን እናት ደግሞ ጎረቤት ያያቸዋል፤ የነፍስ አባት ይጠይቃቸዋል፤ «አደራ በላ» መባል ከሞት ይከፋል። ተቆጣጣሪው መንደሩ ነበር።

መንደሩ ሁልጊዜ ያይ ነበር ወይ? እዚህ ላይ እንተማመን። «አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር መጥታ እንጨት ስትሰብር ያደገች ልጅ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? በእኛም ቤት ነበረች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች፤ የዕድሜ እኩያዬ ናት። «እንደ ልጃችን ናት» እንል ነበር፤ ጎረቤቱም «እንደ ልጃቸው ናት» ይል ነበር። ደብተር ግን አልነበራትም። ሶሻል ወርከሯ «ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ማን ያድግ ነበር?» ስትለኝ ለረጅም ጊዜ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ከ1999 ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ መጥተዋል፤ ፓርላማው በ2018 ለውጭ ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ እስኪከለክል ድረስ ማለት ነው። መንግሥታችን ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት እንዲላክ ይጠይቅ ነበር። በየዓመቱ ሪፖርት! የሜሪ ኤለንን ውል አስታወሳችሁ? በ2008 የመጣችው ሐና በ2011 በዋሽንግተን ስቴት፣ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ፣ በረኀብና በብርድ ተጎድታ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ወገኖቻችን ችሎቱ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ነገር ግን ያለቀስነው ከሞተች በኋላ ነው።

ጉዲፈቻም በፊት ጥናት አለው፤ ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ ግን ጉብኝቱ በአብዛኛው ይቆማል። የአደራ ልጅ ያለበትን ቤት ግን ሶሻል ወርከር በየወሩ ታየዋለች፤ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ይህ ሥርዓት ፍጹም ነው አልልም፤ ድሃውንና ጥቁሩን ወላጅ ቶሎ ይከሳል፤ ልጆችንም ከቤት ወደ ቤት ያንከራትታል። የ1994ቱ ሕግ ስቴቶች ልጆቹን በዘር የሚመስሉ አሳዳጊዎችን ተግተው እንዲፈልጉ ያዛል። ከእኛ ማኅበረሰብ ቢፈልጉስ ማንን ያገኛሉ? በሥልጠናው ክፍል ከእኛ ሌላ ሐበሻ አልነበረም። ከ1980 ጀምሮ ብቻቸውን ለመጡ ስደተኛ ልጆች በተዘረጋው ፕሮግራም ውስጥ ጋምቤላ፣ ፒኙዶ ካምፕ ያደጉ የሱዳን ልጆች ነበሩ፤ ኋላም ከሽሬ ካምፖች የመጡ ኤርትራውያን። እነዚህን ልጆች እንጀራ የማያውቁ ሰዎች እየተማሩ፣ እየፈረሙ ተቀበሏቸው። እኛ ያን ጊዜ ስለ ባህላችን ስብሰባ ላይ ነበርን።

ለእኛ ስልኩ የተደወለው ፈቃዱ በደረሰን በሁለተኛው ወር ነው። ሐበሻ አይደለም፤ ትንሽ ልጅ ነው፤ እናቱን በየሳምንቱ ያያታል፤ ወደ እሷ ቢመለስ ደስ ይለናል፤ አንጀታችንም ይቆረጣል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ልጽፍ ደንቡ አይፈቅድልኝም። ጋሼ ባለፈው እሑድ መጥተው አዩት፤ ሶሻል ወርከሯ መቼ እንደምትመጣም ጠየቁኝ። ሐሙስ ነው አልኳቸው።