ዓሣ ጎርጓሪና የማይበሰብሰው ክር

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው፣ የማያገባውን የሚቆፍረውን ሲያስጠነቅቅ። ለጣና ዳር ሰው ግን «ጎርጓሪ» ከተረትነቱ አልፎ የአንድ ዓሣ ስም ሆኖ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ መርማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መጥቶ ያያቸውን ዓሦች በጽሑፍ ሲያሳውቅ አንዱን «ጎርጓሪ»፣ ሌላውን «ቤሶ» ብሎ መዘገበ። ላቲን ያልሆኑት እነዚህ ቃላት በላቲን ስሞች መካከል ተሰልፈው ሳነብባቸው ከታንኳ ላይ የሚነጋገሩ ሰዎችን የምሰማ ይመስለኛል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ዓሣውንና ሰውን ስላገናኘው ክር ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው። ዓባይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ገደል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ ሊወጣው ስለማይችል የጣና ዓሦች ከሌላው የዓባይ ወገናቸው ተለይተው ለብቻቸው ኖሩ፤ ለብቻቸውም ተለወጡ። እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንላቸው በ1990ዎቹ ሆላንዳውያኑ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ አፋቸውን፣ ጭንቅላታቸውንና አጥንታቸውን ለክተው ሲለዩአቸው 15 ያህል ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ጎርጓሪም አንዱ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና ዓሣ በልነታቸው የሚያስገርም ነው። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ እንዲሁ የራሱ ወገን የሆኑ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጣናን በዓለም ላይ የቀረ የዚህ ዓይነት የመጨረሻ ማኅደር ይሉታል።

ዓሣ በሉን ለመያዝ ብልሃት ያሻል፤ ብልሃቱም ጥንታዊ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀሉ ሁለት ላባዎች አስረው፣ በወንዝ ላይ የምታንዣብብ ዝንብ አስመስለው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል። እንግሊዞች በ1496 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1653 ደግሞ አይዛክ ዋልተን በእጅጉ የተወደደውን መጽሐፉን ጻፈ። በዚያ ዘመን ከመንጠቆው ጋር የሚያያዘው ክር የፈረስ ጭራ ነበር። ቀጥሎ ከሐር ትል ሆድ የሚሳብ ጅማት መጣ። በ1930ዎቹ ናይለን ተፈለሰፈና ሁሉንም ተካ።

ወደ እኛ ወንዝ ስንመለስ፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የጊሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ አንድ የዓባይ ዓሣ አያያዝ ጽፏል። «ቢኒ» የሚባለው ይህ ዓሣ የጣናው ነጭ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ነው። ግብፃዊው አጥማጅ ሸክላ አፈር፣ ዱቄትና ማር አብኩቶ፣ በውስጡ ተምር የተሰካባቸውን መንጠቆዎች ቀብሮ፣ በተነፋ የፍየል አቁማዳ ላይ ተቀምጦ ወንዙ መካከል ይጥለዋል። ከዚያ ወደ ዳር ይመለስና የክሮቹን ጫፍ ከዘንባባ ቅርንጫፍ ጋር አስሮ ቃጭል ያንጠለጥልበታል፤ ቃጭሉ ሲጮህ ዓሣው ተይዟል። ይህን ሳነብ የሚማርከኝ የትዕግሥቱ ነገር ነው።

በጣና ደግሞ ትዕግሥቱ የነገደ ወይጦ ነበር። ከደንገል ታንኳ የሚሠራው፣ ሐይቁን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ይህ ሕዝብ ጉማሬ በመብላቱ ምክንያት በጎረቤቶቹ ሲናቅ፣ ሲገለል ኖሯል። የጥንት ቋንቋውንም አጥቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። ከቋንቋው ጋር ስንት የዓሣ፣ የነፋስና የቋጠሮ ስም እንደ ሰመጠ ማን ይቆጥረዋል? የናቅነው እጅ ያገራችንን የውሃ ዕውቀት ይዞ ነበር።

የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቢደርቅም ብዙ ሳይቆይ ይበሰብስና በሌላ ይተካል። በዚህም ምክንያት አጥማጁ ከዳር አይርቅም። ወጥመዱን በእጁ ይሠራል፤ መረቡም ከ15 እስከ 20 ሜትር ብቻ የሚረዝም ነበር፤ ይበልጡን የሚይዘውም ቀረሶ ነው። የቀድሞው ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣን አስክሮ መልቀም የቆየ ልማድ ነው፤ ወንዙም ለእንቁላል የወጣ ዓሣ የሞላበት ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው።

በ1986 ነገሩ ተለወጠ። ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ የተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት፣ ያጥማጆችን ኑሮ ለማሻሻል በማሰብ፣ በዚህ ባገራችን ካሉ አጋሮቹ ጋር ሆኖ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አመጣ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም እንጀራ በልቶበታል። የሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን ተነሥቶ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ሆኖም ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል ለመጣል በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም በዚያው ወቅት እዚያው ተዘረጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ቀንሶ ተገኘ። በ2003 የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ወጣ፤ በ2011 ደግሞ እንቦጭ የሚሉት አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ተመዘገበ። መከራ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም።

እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ኋላ ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። ማታ ማታ ግን የበዓል ዶሮ ላባ ከመንጠቆ ጋር በፈትል እያሰርሁ፣ ሐይቁን ያጨናነቁትን ትንንሽ ዓሦች ለማስመሰል እሞክራለሁ። በባሌ ተራሮች፣ በወይብና በዳንካ ወንዞች፣ ትራውት የሚባለው ዓሣ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ስለ ተለቀቀ በዚህ ዓይነቱ የላባ ማታለያ ማጥመድ በዚያ የተለመደ ነው። እኛ ግን ትራውትን ከሩቅ መመኘት የለብንም፤ ከስምንቱ ዓሣ በሎቻችን አንዱን ሊቃውንቱ «ትራውት መሳይ» የሚል የላቲን ስም ሰጥተውታል።

ላባውን ከማሰር ይልቅ የሚከብደው ክሩን መቀጣጠል ነው። ወፍራሙ ናይለን ከዘንጉ በኩል ይሆናል፤ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየተቋጠረ ይሄድና ጫፉ እንደ ጠጉር ይሳሳል። የቀጠነበት ምክንያት ሁለት ነው፦ አንደኛ ዓሣው እንዳያየው፤ ሁለተኛ ኃይለኛ ዓሣ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ጫፉ ተበጥሶ ሌላው እንዲተርፍ። በዚህ ሥራ ውስጥ መሸነፍ አስቀድሞ ተቋጥሯል፤ ዓሣውም የማምለጥ ድርሻ አለው። ደንገሉም እንዲሁ ነበር፤ መበስበሱ ለሐይቁ እረፍት ነበረ። ከመረብ የሚፈለገው ግን አለመበጠስ፣ አለመበስበስ ነው። ናይለኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሰው በቋጠረው ልክ ላይ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ያደግን ሕዝብ ድሩ እናቲቱንም ሲያስር ዝም ማለት አይገባንም። እኔ ግጥም ሞካሪ ነኝና እንዲህ ጻፍሁ፦

የማይበሰብስ ክር ወንዝ አፍ ላይ ዘርግቶ፣
እናቲቱን ዓሣ ከእንቁላል ጋር አግቶ፣
ነገ ምን ሊያጠምድ ነው፣ ልጁስ ምን ሊበላ፣
ውሃ ብቻ ሲቀር በመረቡ ኋላ?

ይህን ስል መረቡን የሚዘረጋውን ድሃ መውቀሴ አይደለም፤ ልጆቹ ዛሬ መብላት አለባቸው። ነገር ግን ዓሣው እንቁላል በሚጥልባቸው ጥቂት ሳምንታት የወንዞቹ አፍ ቢከበር፣ ትርፉ ለዚያው ድሃ ነው። ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ሥራ አለን። በባሕር ዳር፣ በዘጌና በጎርጎራ ታንኳ የሚሠሩ አዛውንቶች ገና አሉ። ሄደን አጠገባቸው እንቀመጥ፤ የዓሣውን፣ የቋጠሮውን፣ የደንገሉን ስም እንጠይቅና እንመዝግብ። ሩፔል ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል የጻፋቸው እነዚያ ሁለት ቃላት ባይኖሩ፣ «ጎርጓሪ» በጣና ይዋኝ እንደ ነበር ከእኛ ማን ያውቅ ነበር?